ባሕር ላይ የሣላቸው ሥዕሎች የጠፉበት ሠዓሊ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ሁሉ የጄከብ ሎረንስን ሥራ አይታችኋል። ብላክበርን ሴንተር ውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉት ደማቅ ሥዕሎች የእሱ ናቸው፤ የኛው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት ያስተማረበት ግቢ ማለት ነው። ኒውዮርክ ያላችሁም ታይምስ ስኩዌር የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ በሞዛይክ የተሠራ ሥራው አጠገብ እየተሯሯጣችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ባለሁበት ሲያትል ደግሞ ኮንቬንሽን ሴንተሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራው አለ። ብዙዎቻችን ሥዕሉን እናውቀዋለን፣ ሰውዬውን ግን አናውቀውም።

እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለሚታዩት ሥዕሎቹ አይደለም። ስለማይታዩት ነው። ሎረንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕርተኛ ነበር። መርከብ ላይ ሆኖ ወደ 48 የሚጠጉ ሥዕሎች ሠራ። ከነሱ ውስጥ ዛሬ የት እንዳሉ የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት የሉም። አልተቃጠሉም፣ ከመርከብ ጋር አልሰመጡም፣ ጠላትም አልዘረፋቸውም። የመንግሥት ንብረት ነበሩ፤ ሰላም ከሆነ በኋላ ጠፉ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ሎረንስ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1917 ኒው ጀርሲ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡብ የአሜሪካ ግዛቶች ወደ ሰሜን ከፈለሱት በብዙ መቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ጥቁሮች መካከል ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ተለያዩ። እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ስትሄድ ልጆቿ ፊላደልፊያ ውስጥ ሰው ቤት አደጉ። ጄከብ ከእናቱ ጋር ተመልሶ የተገናኘው 13 ዓመት ሲሆነው፣ ሃርለም ውስጥ ነው።

እናቱ ሠርታ አዳሪ ናት፤ ልጁ ጎዳና ላይ እንዳይውል ፈራች። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች የሚውሉበት ቤት አስገባችው። እዚያ ቻርልስ አልስተን የሚባል ወጣት ሠዓሊ ያስተምር ነበር። ልጁ የካርቶን ሣጥን ቆርጦ ውስጡን እንደ ቲያትር መድረክ ይቀባዋል፤ የሰፈሩን መንገድ፣ ሱቁን፣ ደረጃውን ይሠራዋል። አልስተን የአስተማሪነት ብልህነት ነበረው፤ ልጁን "እንዲህ አይሳልም" ብሎ አላረመውም፣ ዕቃ እያቀበለ ተወው። (የድሮ ተማሪዎቼ መምህራን የሆናችሁ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ።)

ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ። እናቱ ሥራ አጣች፣ ልጁም ትምህርቱን አቋርጦ ልብስ ማጠቢያ ቤትና ማተሚያ ቤት ይሠራ ጀመር። ያዳነችው ኦገስታ ሳቬጅ የምትባል ቀራጺ ናት። መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ደመወዝ እየከፈለ የሚያሠራበት ፕሮግራም ነበር። እጁን ይዛ ወሰደችው፣ "ዕድሜህ አልደረሰም" ብለው መለሱት። እሱ ነገሩን ረስቶት ነበር። እሷ ግን አልረሳችም፤ ዕድሜው ሲደርስ እንደገና ይዛው ሄደች። በ1938 በሥዕል ደመወዝተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ሃርለምና ስለኛ አንድ ነገር ልበል። ሎረንስ በልጅነቱ የተጠመቀውና ሰንበት ትምህርት የተማረው "አቢሲኒያን ባፕቲስት" በተባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። አዎ፣ አቢሲኒያ ማለት እኛ ነን። የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት እንደሚለው፣ በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁር ምዕመናን ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ ሲደረግ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ጭምር ተቆጥተው ወጡና የራሳቸውን መሠረቱ። በ1935 ሞሶሎኒ ሲወረንም ሃርለም አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ሰልፍ ተሰለፈ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ለመዝመት የተመዘገበም ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን ሎረንስ 18 ዓመቱ ነው፣ የሚኖረውም እዚያው ሰፈር ነው። ይህን የማነሳው ሰውየውን "የኛ ነው" ለማለት አይደለም። የተለያየ መቀመጫ የሚባለው ነገር እስከ መጨረሻው ስለሚከተለው ነው። ቀጥሉ።

በ20 ዓመቱ ገደማ የሄይቲውን ነፃ አውጪ የቱሳንን ታሪክ መሣል ፈለገ። አንድ ሥዕል አልበቃው አለ። ስለዚህ 41 ሠራ። ከዚያ የፍሬድሪክ ዳግላስን በ32፣ የሃሪየት ተብማንን በ31 ሥዕል ተረከ። በተከታታይ ሥዕሎች፣ ከሥራቸው አጭር ጽሑፍ እየጻፈ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ያለበትን ሥዕል እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይሄ አገባብ እንግዳ አይደለም። ዓይን ከካሬ ወደ ካሬ እየሄደ ያነባል።

በ1941 የጨረሰው "ፍልሰት" የተባለው ሥራው 60 ሥዕል ነው። የጥቁሮችን ከደቡብ ወደ ሰሜን መፍለስ ይተርካል፤ የራሱን ወላጆች ታሪክ ማለት ነው። አሠራሩ ይገርማል። ባለቤቱ ሠዓሊዋ ግዌንዶሊን ናይት ሰሌዳዎቹን ጄሶ እየቀባች ታዘጋጃለች። እሱ 60ውንም በአንድ ላይ ይደረድራቸዋል። ከዚያ አንዱን ቀለም ይዞ በ60ው ሁሉ ላይ ይሄድበታል፤ ሲጨርስ ሁለተኛውን ቀለም ያነሳል። ለዚህ ነው 60ው ተሰብስበው አንድ ሥዕል የሚመስሉት። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሙሉ ቁጥሮቹን፣ የዋሽንግተኑ ፊሊፕስ ኮሌክሽን ጎዶሎዎቹን ገዙ። ልጁ 24 ዓመቱ ነው። ታላላቅ መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ ታላቅ ሙዚየም ገብቷል።

ኦክቶበር 1943 ላይ ለውትድርና ተመለመለ። የተመደበው ኮስት ጋርድ ነው፤ በሰላም ጊዜ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ የሆነው፣ በጦርነቱ ወቅት ግን በባሕር ኃይሉ ሥር የገባው ጦር። ሥዕሉ በታላቅ ሙዚየም የተሰቀለው ሰው ምን ሥራ የተሰጠው ይመስላችኋል?

የመኮንኖች አስተናጋጅ።

ትሪ ተሸካሚ ማለት ነው። ምግብ ማቅረብ፣ ሳህን ማንሳት፣ የመኮንን አልጋ ማንጠፍ። ይሄ ለእሱ የተለየ በደል አልነበረም፤ ደንቡ ነበር። በዚያ ዘመን ባሕር ላይ ለሚያገለግል ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ የተከፈተው በር ማዕድ ቤቱ ነው። ሎረንስ መጀመሪያ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን፣ ኮስት ጋርዱ ለማሠልጠኛ በያዘው አንድ የቅንጦት ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ አገለገለ። ደቡብ ነው እንግዲህ፤ ወላጆቹ ሸሽተውት የወጡት፣ እሱ በ60 ሰሌዳ የሣለው ደቡብ። ከአለቆቹ አንዱ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አወቀ፣ እንዲሥልም አበረታታው።

አሁን ወደ መርከቧ እንምጣ። ስሟ "ሲ ክላውድ" ይባላል፣ "የባሕር ደመና" እንደ ማለት ነው። በ1931 ጀርመን አገር፣ ኪል ላይ፣ ለአሜሪካ ባለጸጎች የተሠራች ባለ አራት ምሰሶ የመዝናኛ መርከብ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ባለቤቶቿ በዓመት አንድ ዶላር ኪራይ ለመንግሥት ሰጧት። ምሰሶዎቿ ተነሱ፣ መድፍ ተተከለባት፣ ግራጫ ተቀባች፤ ሰሜን አትላንቲክ ላይ እየተንሳፈፈች የአየር ሁኔታ የምትመዘግብ መርከብ ሆነች። የአየር ሁኔታ ምዝገባ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ አውሮፕላኖቹና መርከቦቹ ሁሉ የሚነሱት በሱ ላይ ተመሥርተው ነው።

የመርከቧ አዛዥ ካርልተን ስኪነር የተባለ ወጣት ነጭ መኮንን ነበር። ስኪነር ከዚያ በፊት ሌላ መርከብ ላይ ሳለ አንድ ነገር አይቷል። ሞተር እንደ መዳፉ የሚያውቅ ጥቁር ባሕርተኛ የመካኒክነት ማዕረግ ተነፈገ፤ ምክንያቱ ብቃት ማጣት ሳይሆን ቆዳው ነው። ስኪነር ተከራክሮ ማዕረጉን አሰጠው። ከዚያ ለበላዮቹ ሐሳብ ጻፈ፤ ጥቁርና ነጭ አብረው፣ በእኩል ማዕረግ፣ በእኩል ሥራ የሚያገለግሉባት መርከብ ትኑር አለ። ክርክሩ ስብከት አልነበረም። "በጦርነት ጊዜ የሰው ችሎታ እያባከንን ነው" የሚል የሥራ ክርክር ነው። ተፈቀደለት። በ1943 መጨረሻ "ሲ ክላውድን" ተረከበ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወደ 50 የሚጠጉ ጥቁር ባሕርተኞች ተሳፈሩ። ጥቁር መኮንኖችም ነበሩባት። አንድ ላይ በሉ፣ አንድ ላይ ተኙ፣ አንድ ላይ ዘብ ቆሙ። ስኪነር ለጋዜጣ አላወራም፣ አላስጨበጨበም። መርከቧ እንደማንኛዋም መርከብ ሥራዋን ሠራች፣ ፍተሻዋን አለፈች።

ሎረንስ የተመደበው እዚህች መርከብ ላይ ነው። ስኪነር ትሪውን አስቀመጠለትና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ተብሎ ምድቡ እንዲቀየር አደረገ። ሥራህ የኮስት ጋርዱን ሕይወት መሣል ነው ተባለ። ሎረንስ በኋላ ዘመን ስለዚያች መርከብ ሲናገር፣ ዲሞክራሲ የሚባለውን ነገር እንደዚያ አድርጎ የኖረበት ቦታ እንደሌለ ይመሰክር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ዲሞክራሲን ያገኘው በየብስ ላይ አይደለም። ከየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ርቆ፣ ውቅያኖስ መሃል፣ የሀብታም መዝናኛ በነበረች ጠባብ መርከብ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ወታደር አመላላሽ መርከብ ተዛወረ። እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ግብፅ፣ ሕንድ ደረሰ። መርከቡ ሲሄድ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን ያደርሳል፤ ሲመለስ ቁስለኞችን ጭኖ ይመጣል። ሎረንስ ሁለቱንም ጉዞ አየ። እየሣለም ሄደ፣ ወረቀት ላይ፣ በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም። የሞተር ክፍሉን መቆጣጠሪያ፣ ማዕድ ቤቱን፣ ሰዓት ጠባቂውን። ኦክቶበር 1944 የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 60ውን "ፍልሰት" ከባሕር ሥዕሎቹ ጋር ለሕዝብ አሳየ። ሠዓሊው ዩኒፎርም ለባሽ ነው። ዲሴምበር 1945 ተሰናበተ።

ሥዕሎቹ ግን የእሱ አልነበሩም። ደመወዝ እየተከፈለው፣ በመንግሥት ወረቀት የሠራቸው ናቸውና የኮስት ጋርዱ ንብረት ሆኑ። ወዲያ ወዲህ ተላኩ፣ ተበታተኑ። አንዳንዶቹን ዛሬ የምናውቃቸው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ሎረንስን የመሰለ የቀለም ሰው በጥቁርና ነጭ! የመቆጣጠሪያ ክፍሉን የሚያሳየው አንዱ ኮነቲከት ውስጥ በኮስት ጋርዱ ሙዚየም ተርፏል። ሌላው? ምናልባት አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ምናልባት የአንድ ጡረተኛ መኮንን ቤት ሳሎን ላይ፣ ምናልባት ቆሻሻ ውስጥ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ባለፈው በውስጥ መስመር "ሥዕል ለታሪክ ማስረጃ ይሆናል ወይ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴ ሁልጊዜ ለሰነድ የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ማን ሠራው? መቼ ሠራው? ለማን ብሎ ሠራው? በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሎረንስን እንፈትነው።

ከውትድርና እንደወጣ የጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ አገኘና በ1946 እና 1947 "ጦርነት" የሚል 14 ሥዕል ሠራ። ቀለሙ በእንቁላል የተለወሰ ነው፣ የጥንት ሠዓሊዎች ዓይነት። ማን ሠራው? የነበረበት ሰው። መቼ? ገና ጨው ከልብሱ ሳይለቅ። ለማን? በዚህ ጊዜ አዛዥ የለም፣ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ የለም። ለራሱ።

ታዲያ ጦርነትን ሲሥል ምን ሣለ? ርዕሶቹን ስሟቸው። "ጸሎት"። "ጉዞ"። "ሌላ ቅኝት"። "ደብዳቤው"። "እስከ መቼ?"። "የደረሰበት አልታወቀም"። "ወደ ቤት"። "ድል"። በ14ቱ ውስጥ ሳንጃ የሚታይበት አለ፤ ግን እጅግ የሚበዛው ጥበቃ ነው። መጠበቅ። መርከብ ውስጥ በተደራራቢ አልጋ ላይ ከነጓዛቸው ተጨናንቀው የተጋደሙ ሰዎች። ደብዳቤ ፊቷ ላይ ዘርግታ አንገቷን የደፋች ሴት፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል አይነበብም፣ ማንበብም አያስፈልግም። "ወደ ቤት" ላይ ፋሻ የተጠመጠመባቸው ቁስለኞች ናቸው የሚመለሱት።

የመጨረሻው "ድል" ነው። ድል ሲባል እኛ የምንጠብቀው ምንድን ነው? ባንዲራ፣ እልልታ፣ ፈረስ ላይ ጎራዴ የመዘዘ ጀግና። ሎረንስ የሣለው አንድ ወታደር ነው፤ ጠመንጃውን ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል። ሌላ ምንም የለም። ድካም ብቻ።

እኔ ለብዙ ዓመታት ጦርነትን በክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት፤ ሰሌዳው ላይ በሦስት ዓምድ። ስንት ሞተ፣ ማን ፈረመ፣ ድንበሩ የት ሆነ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ያልነበረው ዓምድ ይሄ ነው፤ የመጠበቅ ዓምድ። ደብዳቤ የሚጠብቁ፣ ዘብ የሚጠብቁ፣ ልጅ የሚጠብቁ። በማንኛውም ጦርነት ውስጥ ከሚተኩሰው ይልቅ የሚጠብቀው ይበዛል። ያን ደግሞ አዋጁም፣ ጋዜጣውም፣ የጄኔራሉ ማስታወሻም አይጽፈውም። ትሪ ይዞ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ግን ያየዋል። ለዚህ ነው ሥዕሉ ማስረጃ የሚሆነው።

መቀመጫውን አስታውሱ ብያችሁ ነበር። በ1946 በጋ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ እንዲያስተምር ተጋበዘ። የጋበዘው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሠዓሊ ጆሴፍ አልበርስ ነው። ችግሩ ባቡሩ ነው። ባቡሩ ወደ ደቡብ ሲገባ ጥቁሮች ወደ ተለየ ፉርጎ መዛወር አለባቸው። ሁለት ዓመት ሰንደቋን ለብሶ ያገለገላት አገር ማለት ነው! አልበርስ ባልና ሚስቱ ያን እንዳያዩ ለብቻቸው አንድ ፉርጎ አከራየላቸው። ኮሌጁ ግቢ ከደረሱም በኋላ አጠገቡ ወዳለው ከተማ አልወጡም፤ እዚያ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። "ሲ ክላውድ" ላይ የተቻለው ነገር ባቡር ላይ አልተቻለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ኃይሉ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር ያዘዙት በጁላይ 1948 ነው፤ መርከቧ በተግባር ካሳየችው ከአራት ዓመት በኋላ።

ኑሮው ከዚያ በኋላም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1949 መንፈሱ ተጨንቆ በገዛ ፈቃዱ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገባ፤ ወራት ቆየ። እዚያም ሆኖ የሆስፒታሉን ሕይወት ሣለ። ይህን የማነሳው በኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ስለሚደበቅ ነው። እሱ አልደበቀውም። ተሻለው፣ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ገደማ ሣለ። በ1971 ወደዚህ ወደ ሲያትል መጣና በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ጡረታ እስኪወጣ በ1986 አስተማረ። ጁን 9 ቀን 2000 እዚሁ አረፈ።

አሁን ወደኛ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

እኛም ባሕር ኃይል ነበረን። ምፅዋ ላይ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ። ትልቁ መርከባችን "ኢትዮጵያ" ይባል ነበር፣ አሜሪካ በ1962 የሰጠችን። ያ መርከብ ከመምጣቱ በፊት "ኦርካ" የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበር፤ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1944፣ ሎረንስ ባሕር ላይ በነበረበት ዓመት ነው። የተሠራው የት መሰላችሁ? እዚሁ፣ ከሲያትል ማዶ፣ ሌክ ዋሽንግተን ዳርቻ ላይ በነበረ መርከብ መሥሪያ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ የምሄድበት ሐይቅ ነው። የኛ ልጆች የተኙበት የብረት አልጋ ሎረንስ ከሣላቸው የዚያ ዘመን አልጋዎች ጋር እኩያ ነው ማለት ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል የሆኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። ለቅሶ ቤት ወይ ክርስትና ላይ ስንገናኝ ወጣቶቹ ከበው "ጋሼ፣ እስቲ ስለ ጦርነቱ ይንገሩን" ይሏቸዋል። እሳቸው ስለ ጦርነት አያወሩም። ስለ ምፅዋ ሙቀት ያወራሉ፣ ብረቱ እጅ እንደሚልጥ። ከመርከቡ ማዕድ ቤት ሌሊት ስለሚወጣው የዳቦ ሽታ። ባለቤታቸው ከደብረ ዘይት የላከችላቸው ደብዳቤ ሁለት ወር ዘግይቶ ሲደርስ፣ ተራ በተራ ሦስት ጓደኞቻቸው እንዳነበቡት፤ ምክንያቱም ለነሱ የመጣ ደብዳቤ አልነበረም። ወጣቶቹ ትንሽ ሰምተው ይበተናሉ፤ ተኩስ የለበትማ። እኔ ሎረንስን ካወቅሁ ወዲህ ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። "ደብዳቤው" የሚለውን ሥዕል በአማርኛ እየነገሩኝ ነው።

ያ ታሪክ የት ተጽፏል? የትም። ባሕር ኃይሉ በ1991 ሲበተን መርከቦቹ የመን ደረሱ፣ ሰዎቹ በየአገሩ ተበተኑ። ስለነሱ የሚተርፈው ወይ የተዋጊ ቁጥር ነው ወይ የሹማምንት ስም። አገር ይዞልናል፣ ቢሮ አስቀምጦልናል እንዳትሉ፤ የአሜሪካን ያህል አገር፣ በጦርነት ድል አድርጎ፣ ሙዚየም ጋለሪ ሞልቶት፣ ያን የመሰለ ሠዓሊ የሠራለትን 48 ሥዕል ማስቀመጥ አልቻለም። ሎረንስን ያዳነው የመንግሥት መጋዘን አይደለም። ቤቱ ገብቶ ከትዝታው እንደገና መሣሉ ነው። 14ቱ ዛሬ በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም አሉ፤ ከ48ቱ የሚበዙት የት እንዳሉ ግን መንግሥትም አያውቅ።

ግን ተስፋም አለ። ሎረንስ በ1950ዎቹ በአሜሪካ ታሪክ ላይ የሠራው "ትግል" የተባለ 30 ሥዕል ነበር። ከነሱ ጥቂቶቹ ጠፍተው ኖሩ። በ2020 ተከታታዩ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለዕይታ ሲቀርብ፣ አንድ ጎብኚ የጎደለው ሰሌዳ ቦታ ባዶ ሆኖ አየች፤ ጎረቤቶቿ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል እንዳለ ትዝ አላት። እውነትም እሱ ነበር፤ 60 ዓመት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ። ዜናው ከተሰማ በኋላ፣ በዚያው ሰፈር ሌላም ተገኘ። ሙዚየሙ ያደረገው ትልቅ ነገር ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ ማሳየቱ ነው። የጎደለ ነገር የሚገኘው ጎድሏል ሲባል ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ይሄን ነው። አባቱ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ ባሕርተኛ የነበረ፣ ወታደር የነበረ፣ ማዕድ ቤት የሠራ፣ ደብዳቤ የጠበቀች እናት ያለችው፤ በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ይጠይቅልኝ። "ስንት ገደላችሁ?" አይደለም ጥያቄው። "ሌሊት ምን ይሸት ነበር? ማን አጠገብ ነበር የምትተኙት? ደብዳቤ ሲመጣ ምን ታደርጉ ነበር?" በሉ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ወይ በእጃችሁ ጻፉት፤ መሣል የምትችሉ ሣሉት። እዚህ ኮሜንት ላይ አንድ አንድ አንቀጽ ብትጽፉልኝ እሰበስበዋለሁ፤ ስም ማውጣት ካልፈለጋችሁ በውስጥ ላኩልኝ።

ሲያትል ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ኮንቬንሽን ሴንተር ስትገቡ አንድ ደቂቃ ቁሙ። የሣለው ሰው ትሪ ተሸክሞ ያውቃል።

ቸር ሰንብቱልኝ።